ከበሮ በኪቦርድ ቁልፎች ሥር

በጅቡቲ ከተማ፣ በሃያብለም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ እንደዚሁም በአዲስ አበባ፣ አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ሥራ ሲሠራ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። አድማጭ ብዙውን ጊዜ ልብ የሚለው ዜማውን ነው። ጨዋታውን የሚያሞቀው ምት ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ የትኛው የከበሮ ድምፅ በየትኛው ቁልፍ ሥር ይቀመጥ የሚለው ጥያቄም የዚያ ታሪክ አካል ነው።

ነባሩ ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ሰፊው ፊት ወፍራሙን፣ ጠባቡ ፊት ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል፤ መቺው ቆዳውን በመልቀቅና በማፈን በርካታ ቃና ያወጣበታል። በ1924 (እ.ኤ.አ.፣ ተከታዮቹም ዓመታት እንዲሁ) “አርባ ልጆች” በመባል የሚታወቁት ወላጅ አልባ አርመናውያን ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ ባንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በተቋቋሙት የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች አማካይነት የምዕራቡ ድራም ሥር ሰደደ። ድራመሮችም በስድስት የሚቆጠረውን የችክችካ ምት ለባስ ድራም፣ ለስኔርና ለሃይ-ሃት አከፋፈሉት። ከበሮው ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕድ መሣሪያ ላይ የተደለደለው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ድልድል በችግር ዘመን መጣ። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ የሌሊቱን ሙዚቃ አጠበበው፤ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተሰደዱ። በዚሁ ጊዜ በውጭው ዓለም በ1980 ሊን ኤልኤም-1 እና ሮላንድ ቲአር-808 የተባሉ የከበሮ ማሽኖች ወጡ። በ1983 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚያግባባው ሚዲ ተከተለ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ፤ በ1985 በዋሽንግተን “ሸሞንሟናዬ”ን የያዘውን ካሴት ሲቀርጽም አኮርዲዮንን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖን፣ ሲንተሳይዘርንና የከበሮ ማሽንን ብቻውን አቀናጀ። ሥራው በ2013 እንደገና ሲታተም አዲስ ትውልድ አድማጭ አገኘ።

በ1988 የወጣው ኮርግ ኤም1 ደግሞ የዜማውን ድምፅ፣ ከበሮውንና የሙዚቃ መቅረጫውን በአንድ አካል አዋሐደ። በ1991 ጄኔራል ሚዲ የተባለው ደንብ የከበሮን አቀማመጥ ለሁሉም ወሰነ። ከበሮ አሥረኛውን መሥመር ያዘ፤ ባስ ድራም በ36፣ ስኔር በ38፣ የተዘጋ ሃይ-ሃት በ42፣ የተከፈተው በ46 ቁጥር ተቀመጡ። ደንቡ ጠቃሚ ነበር፤ በአንድ ኪቦርድ የተቀረጸ ምት በሌላው ላይ ሳይዛባ ይጫወታልና። ይሁን እንጂ ከ35 እስከ 81 በተዘረጉት 47 ድምፆች መካከል የላቲን አሜሪካዎቹ ቦንጎ፣ ኮንጋና ኩዊካ ሲገኙ የኢትዮጵያ ከበሮ አልተገኘም።

ክፍተቱን መሙላት ለተጫዋቹ ቀረ። አንዱ መንገድ ኮንጋን ወይም ቶምን ዝቅ አድርጎ በከበሮ ፈንታ መጠቀም ነው። ሌላው መንገድ የተከፈተው እንደ ኮርግ ትራይተን (1999) ባሉና ድምፅ መቅዳት በሚችሉ ኪቦርዶች ነው፤ እውነተኛውን ከበሮ ቀድቶ በቁልፎች ላይ መደልደል ተቻለ። በዚህ ጊዜ የባስ ድራምንና የስኔርን ቁጥር ሳይነኩ መተው ብልህነት ነው፤ ቀደም ብለው የተቀረጹ ዘፈኖች አይበላሹምና። የከበሮው ወፍራም፣ ቀጭንና የታፈነ ምት አንድ እጅ በሚደርስባቸው ጎረቤታም ቁልፎች ላይ ቢቀመጡ ችክችካው በጣት ይመታል። የታፈነው ምት የተለቀቀውን ድምፅ እንዲያቋርጠው ሁለቱን በአንድ ምድብ ማሰር ያስፈልጋል፤ የተዘጋ ሃይ-ሃት የተከፈተውን ዝም የሚያሰኘው በዚሁ ዘዴ ነው። ቀስ ተብሎና ጠንክሮ የተመታው ድምፅ ለየብቻ ካልተቀዳ ግን ከበሮው ነፍስ የለሽ ይሆናል።

ማሽን ሁሉን ጠራርጎ አልወሰደም። የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ በ2020 ባወጣው አልበም ድራመሩና ዱምቤክ መቺው ከኪቦርዱ ጎን አብረው ይሰማሉ። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። ሬዲዮ ጣቢያው የአሮጌ ዘመን የቴፕ ክሮቹን በመዝገብ ቤት አኑሯል። አንድ ተጫዋች ሌሊቱን ሙሉ በጣቱ የደለደለው የከበሮ ስብስብ ግን በፍሎፒ ዲስክ ላይ ስም አልባ ሆኖ ቀርቶ ይሆናል፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሸክላና ካሴት ቅርስ ከተባሉ፣ ከበሮውን በባዕድ ቁልፎች ሥር ቦታ የሰጠው ድልድልም በስሙ፣ በዓመቱና በአዘጋጁ ተመዝግቦ ሊቀመጥ ይገባዋል። አለዚያ የሚመጣው ትውልድ ዘፈኑን እየሰማ ምቱ በማን እጅ እንደተሠራ ሳያውቅ ይቀራል።