ስለ ካምቦሎጆ ደጋፊዎችና ስለ አስጨፋሪው

የታሪክ ጸሐፊ ልማዱ የነገሥታቱን፣ የመኳንንቱንና የጦር አለቆቹን ሥራ መጻፍ ነው፤ ከዚያም ወረድ ቢል የሊቃውንቱን ስም ያነሣል። በአደባባይ ቆሞ የጮኸውን፣ ያጨበጨበውን፣ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበትን ሰው ግን «ሕዝቡም ደስ አለው» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ በአንድ ቃል የታለፈው ሕዝብ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ መሪ፣ የራሱም አነጋገር የነበረው እንደ ሆነ ለመረዳት የሚወድ ሰው ቢኖር፣ የአዲስ አበባን ስታዲዮም ደጋፊዎች ነገር ይመርምር።

ስለ ኳስ ጨዋታ በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንዱ ሰው የማይገባ ይመስለው ይሆናል። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው መልእክት የሯጮችንና የታጋዮችን ነገር ምሳሌ አድርጎ አስተምሮበታል። ንጉሥ ዳዊትም በታቦተ ጽዮን ፊት በዘለለ ጊዜ የተነቀፈችው የናቀችው ሜልኮል ናት እንጂ እርሱ አይደለም። ይህን ማለት የስታዲዮምን ጩኸት ከማኅሌት ጋር አንድ ለማድረግ አይደለም፤ ሁለቱ በክብርም በዓላማም የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን የሰው ልብ በደስታው ጊዜ የሚያደርገውን ሁሉ መናቅ የዐዋቂ ሥራ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው።

የአዲስ አበባ ደጋፊ ነገር ሲነሣ አራዳ ይቀድማል። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው አንድ የኳስ ማኅበር አቆሙ፤ የአራዳው ደብር የሚጠራበትንም የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ሰጡት። ዘመኑ የጭንቅ ዘመን ነበረ፤ የጠላት ጦር መረብን ከተሻገረ ሁለት ወር አልፎታል፤ ከአምስት ወርም ያህል በኋላ አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የኢትዮጵያውያንን ጨዋታ ከራሳቸው ጨዋታ ለዩት፤ የማኅበሩንም ስም ለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኙት። ስም መለወጥ ግን ልብ መለወጥ አይደለምና፣ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ሰማዕቱም ወደ ስሙ ተመለሰ።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግ ድሉን የወሰደው የእንግሊዝ የጦር ሚሲዮን ቡድን ነበረ። በዚያ ዘመን በከተማይቱ የሚኖሩት አርመኖች፣ ግሪኮችና ጣሊያኖች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1942 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ፣ ትናንት ስሙን የተነጠቀው የአራዳ ልጅ በገዛ ስሙ ሲጠራ ሰማ። ደጋፊነት በአዲስ አበባ እንዲህ ሆኖ አደገ፤ ከጨዋታ ፍቅር ጋር የነጻነት ትዝታ ተቀላቅሎበት ነበርና።

ስታዲዮሙን የከተማው ሰው ለብዙ ዘመን ካምቦሎጆ ሲል ጠርቶታል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ካምፖ ሜዳ ማለት ነውና። ጠላት ጥሎት የሄደውን ቃል ሕዝቡ በአፉ አለስልሶ የራሱ አደረገው። የውስጡም መቀመጫ በቁጥር ወይም በፊደል መለየት ይችል ነበር፤ ደጋፊው ግን ለየክፍሉ ስም አወጣለት። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ፣ ዳፍ ትራክ ተባሉ።

እነዚህን ስሞች እንደ አንድምታ መምህር አንድ በአንድ ለሚመረምራቸው ሰው የከተማይቱ ኑሮ ይታይባቸዋል። ጥላ ፎቅ ትርጓሜ አይሻም፤ ከፀሐይና ከዝናብ የተጠለለው፣ ዋጋውም ከፍ ያለው መቀመጫ ነው። ከማን አንሼ ግን ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ የአንድ መቀመጫ ስም ነው፤ ወርቁ ደግሞ ጥላ ፎቅ ለመግባት ገንዘቡ ያልበቃው ሰው ስለ ክብሩ የሚናገረው ቃል ነው። ሚስማር ተራ የገበያ አነጋገር ነው፤ በመርካቶ ዕቃው በየዓይነቱ ተለይቶ በየተራው እንደሚሸጥ፣ ደጋፊውም ተራ ወጥቶለታል። ዳፍ ትራክ የሆላንድ አገር የጭነት መኪና ስም ነው። ካታንጋም በ1952 ዓ.ም. ከኮንጎ መንግሥት ተገንጥያለሁ ያለው ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ የኢትዮጵያ ወታደሮችም በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ወደ ኮንጎ ዘምተው ነበር። በጋዜጣና በራዲዮ የተሰማው የጦርነት ስም ጩኸትና ግፊያ በማይጠፋበት መደዳ ላይ ቀረ። ሊቃውንት ዜና መዋዕል በብራና እንደሚጽፉ፣ ደጋፊውም ዜና መዋዕሉን በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ጻፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ሕዝብ ታላቅ ቀን የጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ባዘጋጀች ጊዜ፣ ጥር 6 ቀን በግዝረት በዓል ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። በሳምንቱ መካከል የጥምቀት በዓል ዋለ፤ በማግስቱ ቃና ዘገሊላና የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሆነ። ታቦታቱን በጃን ሜዳ መንገድ በዝማሬና በጭፈራ የሸኘ ወጣት፣ የሰለለ ድምፁ ገና ሳይመለስለት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ስታዲዮም ወረደ። የግብፅ ቡድን ሁለት ጊዜ ቀደመ፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ ተከትላ አቻ ሆነች። ሁለተኛውን የአቻ ግብ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ያገባው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበረ። በተጨመረው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁም አራተኛውን አገቡ፤ ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእጃቸው ለአምበሉ ሰጡት።

በዚህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባ ምሥጢር አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች የጣሊያንና የኤርትራ ደም ያለባቸው፣ በስማቸውም ጣሊያን የሚባሉ ነበሩ። ጠላት ከአዲስ አበባ ከወጣ ደግሞ ገና ሃያ አንድ ዓመት አልሞላም፤ በዚያ ደረጃ ላይ አባቱን ወይም ወንድሙን በወረራው ያጣ ሰው አልጠፋም። ሆኖም ኳሷ መረቡን በመታች ጊዜ ካታንጋም ጥላ ፎቅም በአንድ ቃል ጮኹ። የአባቱን አገር ሳይሆን የለበሰውን ማልያ፣ ዘሩንም ሳይሆን ሥራውን አይተው ፈረዱለት። ሁልጊዜ በሁሉም ቦታ እንዲህ ሆነ ማለት አይደለም፤ ያን ቀን ግን በዚያ ደረጃ ላይ ሆነ።

እንዲህ ያለው ብዙ ሕዝብ በአንድ ቃል እንዲናገር የሚያደርገው ሰው አስጨፋሪ ይባላል። ይህ ሰው በቡድኑ ቀለም ያጌጠ ነው፤ የጊዮርጊስ ወገን እንደ ሆነ ብርቱካንማና ቢጫ፣ በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው የቡና ወገን እንደ ሆነ ቡናማና ቢጫ ይለብሳል። ነገር ግን ከልብሱ ይልቅ አቋቋሙ ያስደንቃል። ፊቱን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ይቆማልና። ከበሮው ሲመታ እጁን ያነሣል፤ ግጥሙን ያወጣል፤ ሺህ ሰው ይቀበለዋል። ግብ መግባቱን የሚያውቀው በሕዝቡ ፊት ላይ አይቶ ነው። እንግዲህ ጨዋታውን ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሰው ከሁሉ አሳንሶ የሚያየው ሆነ።

ይህን ሥርዓት ከአገሩ ልማድ ውጭ ያመጣው የለም። በማኅሌት ቀኝና ግራ ቆሞ መቀባበል፣ በቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ መቀበላቸው፣ በሠርግ ቤትም እንዲሁ መሆኑ ይታወቃል። አስጨፋሪውም ይህን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ዳኛው ሲሳሳት፣ በረኛው ሲፈራ፣ የተቃራኒው ቡድን አለቃ ሲቈጣ ወዲያው ቃል ይፈጥርበታል። የቅኔ ተማሪ ለዕለቱ ያቀረበውን ቅኔ ነገ መልሶ እንደማያቀርበው፣ የአስጨፋሪውም ግጥም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ተወልዶ በዚያው ቀን ይሞታል። ልዩነቱ ግን የባለ ቅኔው ቃል መልካም ሲሆን መምህሩ ያስጽፈዋል፤ የአስጨፋሪውን ቃል የሚጽፍለት የለም። በውድድሩም መዝገብ የግብ አግቢው ስም ይገኛል እንጂ የእርሱ አይገኝም።

የቃልና የኳስ ዝምድና በአንድ ቤት ውስጥ ሳይቀር ታይቷል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም ዐዋቂነታቸው የታወቁ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ዘመን ተጫወቱ፤ የ1954 ዓ.ም.ን ባለ ድል ቡድን አሠለጠኑ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ያረፉትም ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በደብረ ታቦር በዓል፣ ልጆች ቡሄ በሚጨፍሩበት ዕለት ነው። ከአራት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በዚያው ስታዲዮም ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አባት የቃልን፣ ልጅ የኳስን መንገድ ጠረጉ፤ ደጋፊው ሁለቱን በአንድ ደረጃ ላይ አገናኛቸው።

የቀድሞውን ዘመን ሁሉ ማመስገን ግን እውነትን መበደል ይሆናል። ከዚያ ደረጃ ላይ ዜማ ብቻ ሳይሆን ስድብም፣ አንዳንድ ጊዜም ድንጋይ ወርዷል። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ክፋቱ ሌላ መልክ ያዘ፤ በልዩ ልዩ ከተሞች የኳስ ጠብ ከዘር ጠብ ጋር እየተቀላቀለ ጨዋታ እስከ መቋረጥ ደረሰ። በማልያ መፍረድ ቀርቶ በአባት አገር መፍረድ መጣ። በ2013 ዓ.ም.ም በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ እንደ ቀድሞው ያለ ሕዝብ ሳይኖርበት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛወረ ተደረገ። ከዚያም የአዲስ አበባ ስታዲዮም ለእድሳት ተዘጋ።

እድሳቱን መንቀፍ አይገባም። በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ከተማ፣ በሂልስቦሮ ስታዲዮም፣ በሚያዝያ 1981 ዓ.ም. ደጋፊዎች በቆሙበት ደረጃ ተጨፍልቀው 97 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያም በኋላ በአገሩ ታላላቅ ስታዲዮሞች መቆሚያው ቀርቶ ለሁሉም ወንበር እንዲሆን ታዘዘ። የሰው ነፍስ ከማንኛውም ትዝታ ይበልጣል። ነገር ግን ደረጃው በወንበር ሲለወጥ ስሙ አብሮ እንዳይፈርስ መጠንቀቅ ይገባል። አንድ ደብር ሲታደስ የቀድሞው ሥዕልና የጥንቱ መዝገብ ተጠብቆ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ የካታንጋና የከማን አንሼ ነገርም ጠባቂ ያስፈልገዋል።

የ1954 ዓ.ም.ን ቀን በወጣትነቱ ያየ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በሸመገለ ዕድሜው ዐርፏል። ስለዚህ በየሰፈሩ ያሉ መምህራንና የተማሩ ወጣቶች ወደ ሽማግሎቹ ቀርበው ግጥሙን፣ የአስጨፋሪዎቹን ስምና ወግ፣ የየመደዳውንም መጠሪያ ከነምክንያቱ ቢጽፉ ለአገር ታሪክ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ካህናትም ከዚህ የሚያገኙት ትምህርት አለ፤ በመቅደሱ ደጅ የሚቆመው ምእመንና በስታዲዮሙ ደረጃ የሚቆመው ደጋፊ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነውና። ጥር 12 ታቦት የሸኘው፣ ጥር 13 ደግሞ የጣሊያን ስም ያለውን አምበል «የእኔ ነው» ብሎ በደስታ የጮኸው እርሱ ነው። ለልጆቹም ሊነገራቸው የሚገባው ከዋንጫው አስቀድሞ ይህ ፍርዱ ነው።