ከአጭር ሞገድ እስከ ታክሲው ኤፍ ኤም

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፤ ሾፌሩ ሬዲዮኑን ይነካካል። እግር ኳስ ይመጣል። ዘፈን ይመጣል። ስለ ትዳር የሚያወያይ ሰው፣ ከዚያ ማስታወቂያ፣ ከዚያ እንደገና እግር ኳስ። መገናኛ ወርዳችሁ የአያትን ወይም የቦሌ አራብሳን ታክሲ ይዛችሁ ቤት እስክትገቡ ድረስ፣ ሳትመርጡት የምትሰሙት አንድ ሰዓት አለ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ሰዓት ነው። ማን ያዘው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ዞረ? በዚህችው ከተማስ ቀደም ሲል የእኛ ሰዎች ሬዲዮ ሲኖራቸው ምን አሰሙበት?

ሬዲዮ በአገራችን በይፋ የተመረቀው በጥር 1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ነው። ብዙ ሳይቆይ የጣልያን ወረራ መጣና ሥራው ተቋረጠ፤ ከነፃነት በኋላ እንደገና ተጀመረ። ለረጅም ጊዜ ሬዲዮ ማለት የመንግሥት ድምፅ ማለት ነበር። መቀበያው ያለው ቤትም ጥቂት ስለነበር ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ግን ያልተለመደ ነገር ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን አዲስ አበባ ላይ የሬዲዮ ጣቢያ እንዲያቆም ፈቀደለት። ጣቢያው በየካቲት 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በተገኙበት ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ ከተማ የተመሠረተው ከሦስት ወር በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ለአህጉሩ የምትናገርበት ዘመን ነበር። የጣቢያው የጥሪ ምልክት ኢ ቲ ኤል ኤፍ ነበር። የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ኖርዌያዊው ሲጉርድ አስኬ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ብሥራተ ወንጌል ብሎ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሞገድ ልናገር፤ ያለ እሱ የጣቢያው ትልቅነት አይገባም። ታክሲው ውስጥ የምትሰሙት ኤፍ ኤም ከማሰራጫው ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲያጋጥመው ወይም የምድሩ ክብነት ሲጋርደው ያበቃል። ለዚህ ነው ከከተማው ወጥታችሁ ጥቂት እንደተጓዛችሁ መንጫጫት የሚጀምረው። አጭር ሞገድ ግን ወደ ላይ ይወጣና ከከባቢ አየሩ የላይኛው ክፍል ነጥሮ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወርዳል። ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ጌጃ በሚባል ስፍራ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ከእኛ ሜዳ የተነሣ ድምፅ በዐረብኛ መካከለኛው ምሥራቅን፣ በስዋሂሊ ምሥራቅ አፍሪካን፣ በማላጋሲ ማዳጋስካርን፣ በፋርስ ቋንቋ ኢራንን፣ በሂንዲ ሕንድን ይደርስ ነበር። ዝግጅቶቹ ሁሉ እዚህ አይቀረጹም፤ በየአገሩ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ነበሩ። ለምሳሌ ካሜሩን ንጋውንዴሬ ከተማ ባለው ስቱዲዮ በፉላኒ ቋንቋ የተቀዳው ካሴት ወደ አዲስ አበባ ይላክና ከዚህ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይመለሳል። አስቡት፤ የመንደራቸው ሰው ድምፅ በኢትዮጵያ በኩል ዞሮ ነበር የሚደርሳቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ያስገረመኝ ሌላ ነው። የጣቢያው መመሪያ ከአየር ሰዓቱ 30 በመቶውን ለቀጥተኛ ስብከትና መንፈሳዊ ዝግጅት፣ 70 በመቶውን ደግሞ ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለመሳሰለው የመደበ ነበር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ቁጥሩ የተገለበጠ መስሎኝ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት፣ ያን ያህል ኃይል ያለው ማሰራጫ በእጅ ተይዞ፣ ከአሥር ሰዓት ሦስቱን ብቻ? ዛሬ በየትኛውም የአገልግሎት ስብሰባችን ላይ አንድ ወንድም ተነሥቶ እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢያቀርብ «ሸክም የለውም» የምንለው ይመስለኛል።

እነሱ ግን ያሰቡት አድማጩን ነው። አጭር ሞገድ ሲያስስ ያገኛቸው ሰው ብዙውን ጊዜ ክርስቲያን አይደለም፤ ቢሆንም ስብከት ፈልጎ አልመጣም። ዜናው እውነት ከሆነ፣ ስለ ልጆች በሽታ የተነገረው ከጠቀመው፣ ነገም እዚያው ይመለሳል። ሲመለስ ሌላውንም ይሰማል። ያንን ሰባ በመቶ ማጥመጃ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት ግን እለምናችኋለሁ። ለጎረቤት እውነተኛ ዜና መንገር በራሱ አገልግሎት ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። በአማርኛው ክፍል የሠሩ ወጣት ኢትዮጵያውያንም ጋዜጠኝነትን እንደ ሙያ ተማሩበት።

ይህ ሁሉ ዐሥራ አራት ዓመት ቆየ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ጣቢያውን ወረሰው። ስሙ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። መሣሪያው ያው፣ ሞገዱም ያው ነበር፤ የሚነገረው ብቻ ተለወጠ። የጌጃው ማሰራጫ ጣቢያ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የመንግሥቱን ሬዲዮ ሲያገለግል ኖሯል። በሌሎች አገሮች የነበሩት ስቱዲዮዎች ማሰራጫቸውን በአንድ ቀን አጡ። እዚህ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና መሪዎች ሲታሰሩ፣ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርገው ከሲሸልስ ደሴት የሚሰራጨውን ፌባን በሌሊት የሚያዳምጡ ቤተ ሰቦች ነበሩ። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ የሚያስታውስ አይጠፋም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የተከፈተው መጀመሪያ ወረቀቱ ነው። የፕሬስ አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ወጥቶ አራት ኪሎ በጋዜጣና በመጽሔት ተሞላ። አየሩ ግን ዘገየ። ሬዲዮ ፋና በ1987 ዓ.ም. ቢጀምርም ከገዢው ፓርቲ ጋር የተሳሰረ ነበር። የብሮድካስት አዋጅ የወጣው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የመንግሥቱ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ ጀመረ። የከተማው ሰው ጆሮ ከአጭር ሞገድና ከመካከለኛው ሞገድ ወደ ኤፍ ኤም የዞረው ያኔ ነው። ድምፁ ይጠራል፣ ይቀልዳል፣ አድማጭ ስልክ ይደውልበታል። ለግል ድርጅቶች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፈቃዶች የተሰጡት ለሸገርና ለዛሚ ሲሆን፣ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ስርጭት ጀመረ። መዓዛ ብሩ በጨዋታ እንግዳ አንድን ሰው ለሳምንታት ስታናግር ስሰማ፣ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ረጅም ነገር አይሰማም የሚለውን አባባል ማመን ተውኩ። ዛሬ በዛሚ 90.7 ላይ የምታገኙት አዋሽን ነው። ብሥራት 101.1፣ አሐዱ 94.3፣ ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8፣ ዓባይ 102.9፣ ሌሎችም በኋላ መጡ።

ከእነዚህ መካከል የቤተ ክርስቲያን የሆነ የለም። የ1999ኙ የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ የሃይማኖት ድርጅት የሬዲዮ ፈቃድ እንዳያገኝ ከልክሎ ነበር። በአንድ ወቅት ለሁለት አህጉር ይናገሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች፣ ለቦሌና ለየካ ክፍለ ከተማ እንኳ የሚበቃ ጣቢያ ሊኖራቸው አልቻለም ነበር ማለት ነው። ቅር ልንሰኝ እንችላለን። ነገር ግን ብዙ ሃይማኖት ባለበት አገር ጠባቡን የኤፍ ኤም መሥመር እንዴት ማካፈል ይቻላል የሚለው ጥያቄ ቀላል አለመሆኑን መካድም አይገባም።

ጣቢያ ያላቸውም ቢሆኑ የሚኖሩበት ገበያ ጠባብ ነው። ማስታወቂያ የሚያወጣው ድርጅት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ጣቢያዎቹ ደግሞ በዝተዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ የአየር ሰዓታቸውን ለተባባሪ አዘጋጆች ይሸጣሉ። ተባባሪ አዘጋጅ ማለት ሰዓቱን ከጣቢያው ገዝቶ፣ ዝግጅቱን ራሱ ሠርቶ፣ ስፖንሰሩንም ራሱ የሚፈልግ ሰው ነው። የሰማችሁትን የማትወዱት ከሆነ አዘጋጁን ከመውቀሳችሁ በፊት ማን እንደከፈለለት አዳምጡ፤ በየእረፍቱ ይነገራችኋል። ለዓመታት ከትላልቆቹ ከፋዮች አንዱ ቢራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲያስወጣ ብዙዎቻችን እሰይ ብለናል፤ እኔም ብያለሁ። በዚያው ግን ስፖንሰር ያጡ ዝግጅቶች ተቸግረዋል። የስፖርት ውርርድ በየሰፈሩ ሲስፋፋ ደግሞ ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ ከፋይ ተገኘ። ቢራውን ስናስወጣ በቦታው ማን እንደሚገባ አልጠየቅንም ነበር።

እኛስ ወዴት ሄድን? ወደ ሳተላይት ቴሌቪዥንና ወደ ዩቲዩብ። አልነቅፍም፤ የተጠቀመ ብዙ ሰው አለ። ይሁን እንጂ ያንን የሚከፍተው አስቀድሞ የእኛ የሆነ ሰው ነው። ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው አይከፍተውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኛ የወጣቶች ኅብረት በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ ጣቢያ ለመግዛት አስቦ ነበር። ሄደን ስንጠይቅ፣ ስብከትና መዝሙር እንደማይቻል፣ ስለ ወጣቱ ኑሮ ከሆነ ግን በደስታ እንደሚቀበሉን ነገሩን። ተመልሰን ገርጂ አንድ ወንድም ቤት ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። ስለ ሥራ ፍለጋ አንድ ሳምንት። ስለ ሱስ አንድ ሳምንት። ስለ ጓደኝነትና ፍቅር። ስለ ቤት ኪራይ። ከዚያ ዝም አልን። መዝሙሩና ስብከቱ ሲወጣ ለጎረቤታችን የምንነግረው የአራት ሳምንት ነገር ብቻ ነበር ያለን። የቤቱ አባት፣ በልጅነታቸው ብሥራተ ወንጌልን ይሰሙ የነበሩ ሰው፣ ቡና እየጠጡ ያዳምጡን ነበር። «እኛ ቤት ውኃ አፍልቶ መጠጣት የተጀመረው ከዚያ ሬዲዮ ሰምተን ነው» አሉን። ከስብከቱስ የሚያስታውሱት አለ ወይ ብለን ጠየቅናቸው። ትንሽ አሰቡና «እሱንማ የሰማሁት ውኃውን ካመንኳቸው በኋላ ነው» አሉ።

ገንዘቡም ስላልሞላልን ሰዓቱን ሳንገዛ ቀረን። ወረቀቱ ግን አሁንም በወጣቶች ክፍል መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ባዶ ነው። የምትጨምሩበት ያላችሁ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ብቅ በሉ።