ከመስታወት ወደ ፕላስቲክ፦ የደበዘዘ የመኪና መብራት አጭር ታሪክ



ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መኪና እየነዳሁ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መንገድ የሚያቋርጡ አንድ አዛውንት ድንገት ከፊቴ ብቅ አሉ። ፍሬኑ ያዘልኝ፤ እርሳቸውም በደኅና አለፉ። በማግስቱ ሳየው አምፖሎቹ ጤነኛ ናቸው፤ የመብራቶቹ ሽፋን ግን ሞራ እንደ ያዘው ዓይን ደብዝዟል። የታሪክ ሰው ነኝና “ይህ ችግር ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብዬ ጠየቅሁ።

የአባቴ ቮልስዋገን መብራት መስታወት ነበር። መስታወት ይሰበራል እንጂ በፀሐይ አይወይብም። በአሜሪካ ደግሞ ከ1940 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ሁሉ ባለ 7 ኢንች ክብ፣ ሽቦው፣ አንጸባራቂውና መስታወቱ በአንድነት የታሸጉበት መብራት እንዲይዙ ተደረገ። ሽቦው ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ መብራቱ ከመኪናው ጋር አያረጅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1953 በጀርመን የባየር ኩባንያው ኸርማን ሽኔል፣ በአሜሪካ ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ዳንኤል ፎክስ በየፊናቸው ፖሊካርቦኔትን አገኙ። ቀላል ነው፤ በቀላሉ አይሰበርም፤ የተፈለገውን ቅርጽ ይይዛል። ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አየር የሚሰነጥቅ ቅርጽ ተፈላጊ ሲሆን፣ የፎርድ ኩባንያ ደንቡ እንዲሻሻል ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1983 ተፈቀደ፤ የ1984 ሞዴል ሊንከን ማርክ ሰባትም በአዲሱ መብራት ቀዳሚ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚለወጠው አምፖሉ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ከመኪናው ጋር ያረጃል።

ፖሊካርቦኔት አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ይወይባል። ፋብሪካዎች በመከላከያ ልባስ ይሸፍኑታል፤ ልባሱ ግን በፀሐይና በአቧራ ያልቃል። ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ መኪኖቻችንም ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ግቢያችን ይገባል። መጀመሪያ የሞከርሁት ብዙዎቻችን የምናውቀውን የጥርስ ሳሙና ነው። ሳሙናው በስሱ ስለሚፍቅ መብራቱ ጠራ፤ የተፋቀው ግን አዲስ ልባስ አላገኘምና ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ደበዘዘ። ሁለተኛው ሙከራ ሥርዓት ነበረው፦ ማጠብ፤ ቀለሙን በፕላስተር መከለል፤ ውኃ እያርከፈከፉ ከ800 እስከ 2000 ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት ደረጃ በደረጃ መፈግፈግ፤ በፖሊሽ ማለስለስ፤ በመጨረሻም ጨረር የሚከላከል አዲስ ልባስ መቀባት። ዋናው ሥራ ይህ የመጨረሻው ነው።

ጉዳዩ የውበት አይደለም። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ክፉኛ የደበዘዘ መብራት የአዲሱን ብርሃን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ሲታደስ ወደ 70 በመቶ ያህል ይመለሳል። ከዚህ የበለጠ የፈለገ አዲስ መግዛት አለበት።

እኔ የ1983ቱን ውሳኔ አልኮንንም፤ የመስታወቱ ዘመን የራሱ ጉድለት ነበረው። ነገር ግን አንድ ደንብ ሲሻሻል ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ቀድሞ እድሳቱ በመብራቱ አሠራር ውስጥ ነበር፤ ዛሬ በባለቤቱ እጅ ነው። ባለቤቱ ይህን ካላወቀ ዕዳውን የሚከፍለው በጨለማ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛ ነው።