ጥር 13

ሰሞኑን መጻሕፍቴን ሳራግፍ አንዲት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ከመደርደሪያው ወደቀች። ገለጥኳት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በራሴው የእጅ ጽሑፍ፣ ‹‹የደቡብ አፍሪካ ጉዞ ዕቅድ›› ይላል። ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቀኑ ጥቅምት 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው።

ያን ሰሞን አዲስ አበባ የነበረ ሰው ቀኑን አይቶ ነገሩ ይገባዋል። ከሁለት ቀን በፊት፣ እሑድ ጥቅምት 4፣ ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈዋል። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለመጣን ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ሰው ሜዳ ላይ ያገባናቸው ሦስት ጎሎች ግን ሚዛኑን ወደኛ ደፉት። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰኢድ አንድ። በ1974 ዓ.ም. ከሊቢያ አንዲት ጎል እንኳ ሳናገባ ከተመለስን ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫን ደጃፍ የረገጥነው ያን ቀን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት! በዚያ ምሽት የማያውቀውን ሰው አቅፎ ያልጨፈረ ካለ፣ ወይ ታሞ የተኛ ነው ወይ የሱዳን ሰው ነው።

እኛም አራት ሰዎች፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ በማግሥቱ ቡና ይዘን ‹‹ለምን አንሄድም?›› ተባባልን። ‹‹ሰው ለሠርግ አሜሪካ ድረስ ይሄድ የለም እንዴ?›› አለ የባንኩ ሰው። በየሳምንቱ መዋጮ ተጣለ። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ለካ ለዚህም ያስመርጣል። ዝርዝሩ ይኸው አለ፦ የአውሮፕላን ትኬት፣ የስታዲየም ትኬት፣ ቪዛ፣ ማደሪያ፣ ባንዲራ (ትልቅ)፣ በሶ። በሶውን ያስጻፈው የባንኩ ሰው ነው። ‹‹የሰው አገር ምግብ አይታመንም›› ብሎ።

ኳስ ተከትሎ አገር ማቋረጥ መቼም የኛ ፈጠራ አይደለም። የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በ1930 (እ.ኤ.አ.) ኡራጓይ ላይ ሲደረግ፣ ‹‹ኮንቴ ቬርዴ›› የተባለችው መርከብ የሮማኒያን፣ የፈረንሳይንና የቤልጅግን ቡድኖች፣ የፊፋውን ፕሬዚዳንት ዡል ሪሜንና ዋንጫዋን ራሷን ጭና አትላንቲክን ለመሻገር ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቶባታል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ከአሠሪዎቻቸው ፈቃድ ለማግኘት አሳራቸውን አይተዋል፤ ተራው የአውሮፓ ሠራተኛማ ሥራውን ለሁለት ወር ጥሎ ልሂድ ቢል ማን ይሰማዋል? ዕቅድ ሊያወጡ የቻሉት ጎረቤቶቹ አርጀንቲናውያን ነበሩ። ለፍጻሜው ጨዋታ ከቦነስ አይረስ በጀልባና በመርከብ ተጭነው የላ ፕላታን ወንዝ ማቋረጥ ጀመሩ። የደረሱት በር ላይ ሽጉጥ ይዘው እንደሆነ ተፈተሹ። ብዙዎቹ ግን አልደረሱም፤ ወንዙ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ኡራጓይ 4 ለ 2 አሸነፈች። ስለዚያ ጨዋታ ባነበብኩ ቁጥር እኔን የሚያሳስቡኝ ሜዳው ውስጥ ያሉት አይደሉም፤ ትኬታቸውን በኪሳቸው ይዘው ጉም ውስጥ የቆሙት ናቸው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ዋንጫው ራሱ መጣልን። የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ካርቱም ላይ ሲጀመር አራት አገሮች ነበሩ የታሰቡት፦ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የኛ ዕጣ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነበር። የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቱ ከውድድሩ ውጪ ሆነችና፣ እኛ ኳስ ሳንነካ ፍጻሜ ገባን። ግብፅ ግን 4 ለ 0 ቀጣችን፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ ነው። እንግዲህ ያቺ ሳንጫወታት የቀረች አገር ናት ሃምሳ ስድስት ዓመት ቆይታ እኛን በእንግድነት የተቀበለችው። ያውም ውድድሩ ሊቢያ ሊደረግ ታስቦ፣ እዚያ ጦርነት ስለተነሳ ነው ወደ እሷ የዞረው።

ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ። የፍጻሜው ቀን እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ሚካኤል በገባ ማግሥት ነበር። መሐንዲሱ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቴሌቪዥን ገና አገሩን አልረገጠም፤ ማየት የፈለገ ሰው እዚያው መገኘት አለበት። የእሳቸው ዕቅድ አጭር ነበር፤ ‹‹አጎቴ ካፖርት ውስጥ ተወሽቆ መግባት›› ይሉ ነበር። ዕቅዱም ሠራ።

ጨዋታውን ሲያወሩት አይጠገቡም። ግብፆች በበደዊ ጎል ቀደሙ። እስከ ሰባ አራተኛው ደቂቃ አልተበገሩም። ግርማ ተክሌ አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ተገለባበጠ። ‹‹ከዚያ ሰው ሁሉ እየዘለለ ሳለ ሰሌዳው 2 ለ 1 ሆነ። የግብፅን ሁለተኛ ጎል አላየኋትም። ካፖርት ውስጥ ነበርኩ!›› እውነታቸውን ነው፤ በደዊ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሟል። ሉቺያኖ ቫሳሎ በሰማንያ አራተኛው ደቂቃ እንደገና አቻ አደረገን። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ መጨረሻ ላይም መንግሥቱ ወርቁ። 4 ለ 2። የአሠልጣኙ ቦታ ላይ ይድነቃቸው ተሰማ አሉ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ።

ይህ ሉቺያኖ፣ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አስመራ የተወለደው፣ በደርግ ዘመን ተሰደደ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጣልያን ውስጥ አረፈ። የአፍሪካን ዋንጫ ለኢትዮጵያ ያነሳ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እጅ የስደተኛ እጅ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ወደ ደብተራችን እንመለስ። ኅዳር ላይ የባንኩ ሰው ልጁን ዳረና መዋጮውን አቋረጠ። ታኅሣሥ ላይ መምህሩ ጓደኛዬ ፈተና አራሚ ሆኖ ተመደበ። የመሐንዲሱ ጉልበት አበጠ። ለቪዛው የሚያስፈልገውን የወረቀት ብዛት ሳይ እኔም በልቤ ተውኩት፤ አፌ ግን እስከ ገና ድረስ ‹‹እንሄዳለን›› ይል ነበር። ገንዘቡን ተካፈልን። ከዝርዝሩ ውስጥ ‹‹ተሟልቷል›› የሚል ምልክት የተደረገበት በሶው ብቻ ነው።

እናም ሰኞ ማታ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ተደረደርን። ኔልስፕሩት፣ ምቦምቤላ ስታዲየም፤ ጣሪያውን የቀጭኔ ቅርጽ ያላቸው ምሰሶዎች የተሸከሙት፣ ከአርባ ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ። ካሜራው ወደ ደጋፊው ዞረ። ካፌው ዝም አለ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ እስከ ላይ ድረስ! የኛው ካታንጋ ተነቅሎ እዚያ የተተከለ ይመስል ነበር።

‹‹እነዚህ ሁሉ መቼ ሄዱ?›› አሉ መሐንዲሱ።

ማንም አልመለሰላቸውም። መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበርና። ወጣቱ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሌላውም አካባቢ እየተነሳ በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቆራርጦ ደቡብ አፍሪካ መግባት ከጀመረ ያኔ ዓመታት አልፈዋል። ከጨዋታው ሰባት ወር በፊት፣ በሰኔ 2004፣ ታንዛኒያ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ታፍነው የሞቱ ከአርባ በላይ ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቶ ነበር። ሰውየው ካሰበበት ከደረሰ ጆሃንስበርግ ጂፒ የሚሉት ሰፈር ዘመድ ይፈልጋል፤ ከዚያ ዕቃ ተሸክሞ ያዞራል፤ ከዚያም ‹‹ሎኬሽን›› በሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ሱቅ ይከፍታል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ሁከት ከስልሳ በላይ ሰው ሞቷል። እነዚያ ወንበሮች ላይ ባንዲራ የሚያውለበልቡት ከዚህ ሁሉ የተረፉት ናቸው። ለዋንጫው ብሎ የሄደ ስንት እንደሆነ እንጃ፤ ብዙዎቹን ዋንጫው ራሱ ካሉበት መጥቶ ነው ያገኛቸው። በ1954 እኛን እንዳገኘን።

ጨዋታውን ታስታውሱታላችሁ። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ናት። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። ያኔ ከደጋፊው መሐል ቩቩዜላና ጠርሙስ ሜዳው ላይ ዘነበ፤ ጨዋታው ተቋረጠ። አፈርን። እዚህ ላይ ‹‹ብሶት ነው›› የሚል ሰበብ አልደረድርም፤ ነውር ነውር ነው። ዛምቢያ አገባች። በአሥር ሰው ቀርተን አዳነ ግርማ በስልሳ አምስተኛው ደቂቃ አቻ አደረገን። 1 ለ 1 አለቀ። መሐንዲሱ ጉልበታቸውን ረስተው ተነሱና፣ ‹‹ልጆች፣ ዛሬ ጥር 13 አይደለም እንዴ?›› አሉ። ነበር። ልክ በሃምሳ አንድ ዓመቱ።

የቀረውን በአጭሩ፦ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0፣ ወደ ቤት። ሁለቱ ለፍጻሜ ደረሱና ‹‹ምድባችን ከባድ ነበር›› እያልን ተጽናናን። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ እንደገና ስንሳተፍ መሐንዲሱ በሕይወት አልነበሩም።

የዚያን ማታ አራት ሰዓት ግድም ስልኬ ጮኸ። በኮድ 27 የሚጀምር ቁጥር። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ግጥም የሚጽፍ፣ ጥሩ ልጅ። ተመርቆ ሁለት ዓመት አስተምሮ ከጠፋ ቆይቷል።

‹‹ጋሼ፣ አዩን?›› አለኝ። ድምፁ ተዘግቷል።

‹‹አየሁ! አንተም እዚያ ነበርክ?››

‹‹ሦስት ሱቅ ዘግተን ነው የመጣነው። ሌሊቱን ስንነዳ አደርን። አሁን እየተመለስን ነው።›› ከዚያ ሳልጠይቀው፣ ‹‹እኔ አልወረወርኩም›› አለኝ።

ከጆሃንስበርግ ኔልስፕሩት ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብረውት ከነበሩት የአንዱ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፎበት ስለነበር፣ መንገድ ላይ ፖሊስ ባዩ ቁጥር ባንዲራውን እያጣጠፉ ነው የሄዱት። ከተማዋ እንዴት ናት አልኩት፣ ወሬ ለማስቀጠል።

‹‹ቆንጆ ናት። በፊትም አልፌባት ነበር እኮ። ከሞዛምቢክ ድንበር መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ናት። ያኔ ግን አላየኋትም፤ ሸራ ሥር ነበርኩ።››

ምን እንደምለው ጠፋኝ። ሲጠፋኝ እቀልዳለሁ፤ ስለ ዕቅዳችን ነገርኩት፣ ደብተሯን አውጥቼ ዝርዝሩን አነበብኩለት። ትኬቱ ላይ ሳቀ። ‹‹ማደሪያ›› ስል፣ ‹‹ውይ ጋሼ፣ እኔ እያለሁ!›› አለኝ። በሶው ላይ ግን አልሳቀም።

‹‹እኔም ስወጣ ይዤ ነበር›› አለ። ‹‹ታንዛኒያ ላይ አለቀብኝ።››

ከጀርባው ሰዎች ይዘፍናሉ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቅ መክፈት እንዳለበት ነገረኝና ተሰነባበትን።