ጆይ የኦቲዝም ማዕከል

በአዲስ አበባ የሚገኝ፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያስተምርና የሚንከባከብ ተቋም። በኒያ ፋውንዴሽን ሥር እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሐኪም አልነበሩም፤ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለ ማሠልጠኛ የከፈቱ የውበት ባለሙያ ነበሩ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ግን ትምህርት ቤቶች ተራ በተራ መለሱባቸው።

በዚያን ጊዜ ሁኔታው እንደ እርግማን ስለሚቆጠር ልጃቸውን ከጎረቤት ዓይን የሚሸሽጉ፣ አንዳንዴም ቤት ውስጥ አስረው የሚያውሉ ወላጆች ነበሩ። ዘሚ የራሳቸውን ልጅ ጉዳይ ሳያፍሩ በአደባባይ መናገራቸው ማዕከሉን ከመክፈት የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ዘሚ የቀረጹት «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ ከፊደል ድምፅ ይነሣል። የአማርኛ ፊደል ለዚህ የተመቸ ነው፤ «በ፣ ቡ፣ ቢ» ሲባል እያንዳንዱ ሆሄ ከነአናባቢው ስለሚነበብ፣ ልጁ የሚያየው ቅርጽና ከአፉ እንዲያወጣ የሚጠበቀው ድምፅ ይገጥማሉ። መናገር ለሚከብደው ልጅ ይህ ቀላል እገዛ አይደለም።

መሥራቿ እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ-19 ሕይወታቸው አልፏል።