ከጓሮ ወደ ጀሪካን፦ ክረምትን በጎመን የመሻገር ታሪካችን

እናቶቻችን ክረምት መግባቱን የሚያውቁት በጎተራው መጉደልና በጎመኑ መብዛት ነበር። ሐምሌና ነሐሴ የአምናው እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው። ያንን ጊዜ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ከጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን ነበር። የሐበሻ ጎመን መገኛው የአገራችን ደጋ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ቅጠሉ ለወጥ፣ ዘሩ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል፤ ሁለቱም የሴቷ ሀብት ነበሩ።

ከተማ ግን ጓሮውን ቀስ በቀስ ወሰደብን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፋፊ ግቢዎች ነበሯት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ብዙዎቻችንም ያደግነው በቀበሌ ቤት፣ ግቢ ተጋርተን ነው። ቀጥሎ ኮንዶሚኒየም መጣ። አራተኛ ፎቅ ለወጣች እናት የቀራት በረንዳ ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር፣ ጉልት የሚቸረችሩ አባሎቻችን መንገዱ ከበዳቸው። እኛም ከተዘዋዋሪ ብድሩ ገንዘብ አውጥተን ዘርና አፈር ገዛን፤ የዘይት ጀሪካኖችን አፍ ቆርጠን ጎመንና ቲማቲም ተከልን። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ጀሪካኖቹ ቀዳዳ አልነበራቸውም፤ የሞላንባቸው ጥቁር አፈርም ውሃ ቋጥሮ ያዘ። የጎመኑ ሥር በሰበሰ፣ የቲማቲሙ ቅጠል ጠቆረ። በሒሳብ መዝገባችን «ኪሳራ» ብለን ጻፍነው፤ አልደበቅነውም።

በስብሰባው ላይ «ገንዘባችን ለቁጠባ ይመለስ፣ አትክልቱ ይቅር» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እውነትም ነበራቸው፤ የእያንዳንዷ ሳንቲም ከልጅ ጉሮሮ የተቀነሰ ነው። ከእናቶቻችን አንዷ ግን «ልጆቼ፣ ጎመን ዝናብ ጠልቶ አያውቅም። በጓሮ ውሃው መውረጃ ነበረው፤ እናንተ ዘጋችሁበት» አሉን። ነገሩ የተቋጨው በዚህ ነው።

በ2013 ክረምት የጀሪካኑን ታች በጋለ ብረት አምስት ስድስት ቦታ በሳን፤ ከመሬት ከፍ እንዲል በድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። አፈር፣ ኮምፖስትና አሸዋ እኩል ቀላቀልን። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ እንዳያገኘው አራቅነው። ብዙ ዝናብ የአፈሩን ምግብ አጥቦ ስለሚወስድ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከላይ ኮምፖስት ጨመርን። በብርድና በእርጥበት ቶሎ የሚታመመውን ቲማቲም ዝናቡ እስኪያባራ አቆይተን፣ ክረምቱን ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሰላጣ ሰጠን። ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ግን በፍጹም አልተጠቀምንም።

በዚያ ክረምት ጎመን ከቤታችን አልጠፋም፤ የተረፈው ጉልት ላይ ተሸጠ። የተበደርነው ገንዘብ ተመልሶ የገባው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ነው። የመጨረሻው ክፍያ የተመዘገበበትን ገጽ ለማየት የምትፈልግ አባል ቢሮ መጥታ መመልከት ትችላለች፤ «ኪሳራ» የሚለውም ገጽ እዚያው አለ።

ውድ አባላት፣ ሰኔ ሳይገባ ንጹሕ ጀሪካን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ መብሻው ብረት ቢሮ አለ። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ለዘንድሮ አሸዋና ኮምፖስት ብታግዙን ጓሮ ለሌላት እናት ጓሮ ሰጣችኋት ማለት ነው።