የወጋ ቢረሳ

ሐርጌሳ መካከል፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ አንድ ሚግ አውሮፕላን ቆሟል። ከሥሩ የሕዝቡ መከራ ተሥሏል። እንዲህ ያለውን አውሮፕላን ያበረረው ሰው የሕይወት ታሪኩን ቢጽፍ ምን ይለን ይሆን?

ወታደር ትዝታውን ሲጽፍ የያዘውን ኮረብታና ያጣውን ጓደኛ አይረሳም። ስለ ገደለው ሰላማዊ ሰው ግን «ትእዛዝ ነበር» ብሎ ያልፋል። ይህቺ ቃል ምን ያህል ሸክም ትችላለች? የ1980 ዓ.ም. ታሪክ ይመዝናታል።

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ተዋግተዋል። በዚያ ጦርነት ሐርጌሳን የደበደቡት የእኛ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ከካራማራ ድል በኋላ አሥር ዓመት በጠላትነት አለፈ። በመጋቢት 1980 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ታረቁ። ምርኮኞች ተለዋወጡ፤ አብራሪው ለገሠ ተፈራም ከ11 ዓመት እስር በኋላ ለአገሩ በቃ። ደስታው እውነት ነበር።

ይሁንና የዚያ እርቅ ሌላ ፊት ነበረው። ሁለቱም ገዢዎች ከድንበር ያነሡትን ክንድ ወደ ገዛ ሕዝባቸው አዞሩት። ከኦጋዴን የተነሣው ጦር ወደ ሰሜን ተጓዘ። በኢትዮጵያ የነበረውን መጠጊያ ያጣው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ቡርኦና ሐርጌሳ ገባ። የዚያድ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ያንኑ ከተማ ደበደቡ። በእኛም አገር ሰኔ 15 ቀን፣ በገበያ ዕለት፣ አውሮፕላኖች ሐውዜን ላይ ቦምብ አዘነቡ። አንድ ክረምት፣ ሁለት አገር፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ።

በሐምሌ አሕመድ መሐመድ ሐሰን የተባለ ሶማሊያዊ አብራሪ ሐርጌሳን እንዲደበድብ ታዘዘ። ተነሣ፤ ግን ቦምቡን በሰው ላይ አልጣለም። አቅጣጫውን ለውጦ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ አረፈ። አገሩንም ማዕረጉንም ያጣል፤ ቤተሰቡም የአምባገነን እጅ ውስጥ ነው። ለዚህ ሁሉ ዋስትና የሰጠው አልነበረም።

እምቢ ያለ ወታደር ሞት እንደሚጠብቀው እናውቃለን፤ በጥላ ሥር ተቀምጦ መፍረድም ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ሰው እምቢ ካለ፣ «ትእዛዝ ነበር» ማለት የታሪኩ ግማሽ እንጂ ሙሉው አይደለም። ሌላው ግማሽ የታዘዘው ሰው ምርጫ ነው።

የዚያ ምርጫ ዋጋ ተቆጥሯል። አፍሪካ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በሰሜን ሶማሊያ ከ50,000 እስከ 60,000 ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ በጅጅጋ አቅራቢያ ያለው የሐርቲሼክ መጠለያም እስከ 1996 ዓ.ም. አልተዘጋም። ዛሬ ጎረቤታችን የሆነው የሐርጌሳ ሰው ትናንት በእኛ አገር ስደተኛ ነበረ። በ1989 ዓ.ም. ኃይለኛ ዝናብ በማልኮ ዱርዱሮ የጅምላ መቃብሮችን ገልጦ አጥንት አወጣ። ሰው የሸፈነውን ዝናብ ገለጠው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላሉ አባቶች። ከመካከላችን መሣሪያ ይዞ የነበረ ካለ፣ ትዝታውን ዝናብ ሳይቀድመው ይጻፍ። ሲጽፍም የተተኮሰበትን ብቻ ሳይሆን የተኮሰበትንም ይቁጠር። ያን ጊዜ ለልጆቻችን የምንተወው ፉከራ ሳይሆን ምስክርነት ይሆናል።